ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ቢታገድ ወረቀቱን በዚያው ቀን አትፈርሙ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ልጅ ለምታሳድጉ ወገኖቼ ነው፤ ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ «አልታዘዝም ብሏል» ተብሎ ታገደ። ኮፍያህን አውልቅ ሲባል «ለምን እኔን ብቻ?» ብሎ ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጠው ነጭ ልጅም ኮፍያ አድርጓል። ደብዳቤው ደረሰኝ፣ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ።

ምክትል ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ የሚፈረምበትን ቦታ በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። «ከፈረሙ ነገሩ እዚሁ ያበቃል» አለኝ። አስተርጓሚ ብጠይቅ «እንግሊዝኛዎ ጥሩ ነው» ተባልኩ። ልጄ አጠገቤ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ምን ሆነህ ነው ብሎ የጠየቀው የለም። ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪን ለጥቂት ቀናት እንኳ ለማገድ ክሱን መንገርና ቃሉን መስማት ግዴታ ነው። አልፈረምኩም።

በእገዳው ሰሞን ልጄ ከማላውቃቸው ልጆች ጋር መዋል ጀመረ፤ ጃኬቱ ማሪዋና ማሪዋና ይሸት ነበር። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚያስጠነቅቅ በራሪ ወረቀት ሰጠችኝ። ውርደቱ ቀድሞ እንደመጣ ግን ማንም አላነሣውም። በአዮዋና በጆርጂያ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያገኙትም ይህንኑ ነው፦ በልጅነታቸው መድልዎ የሚደርስባቸው ልጆች ቁጣቸው ይበረታል፣ ከሚያጨሱና ከሚጠጡ እኩዮች ጋር ይገጥማሉ፣ ውሎ አድሮ ራሳቸውም ይጀምራሉ። በቅርብ የሚከታተል፣ የሚያነጋግርና ፍቅሩን የማይነፍግ ወላጅ ያላቸው ግን ጉዳቱ ይቀልላቸዋል።

ዘመዶቼ «እኛ ሐበሻ ነን፤ የእነሱ ጣጣ አይመለከተንም፤ ዝም ብሎ ይማር» አሉኝ። አልስማማም። ልጄን ያገደው ሰው የዘር ሐረጉን አልጠየቀውም፤ ያየው ጥቁር ልጅ ነው። «ዝም አይነቅዝም» እዚህ አይሠራም፤ ዝም የተባለ ልጅ ንዴቱን ይዞ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

አቤቱታውን ከልጄ ጋር ሆነን ጻፍነው፤ የሆነውን በራሱ ቃል አሰፈረ። እገዳው ከመዝገቡ ተሰረዘ። ከእነዚያ ልጆች የራቀውም በዚያው ሰሞን ነው፤ በልጄ እኮራለሁ።

ትምህርት ቤቱ «በውስጥ እንጨርሰው» ካላችሁ ተነጋገሩ፣ ቀኑን ግን ቁጠሩ፤ ለፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤት የሚባለው መድልዎው በተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ነው።