ቤቱ የእኔ፣ መሬቱ የሰው

ልጆቼ አንድ በአንድ ወጥተው ከሲያትል በስተደቡብ ባለ አፓርታማ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። እኔ ጡረታ ወጣሁ፣ የቤት ኪራዩ ግን አልወጣም። በ2022 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት "ሞባይል ሆም ለምን አታይም?" ስትለኝ ቅር አለኝ። የታየኝ ጎማ ያለው ተጎታች ነበር።

ሄጄ ሳየው ሌላ ነገር ነው። ፋብሪካ ተሠርቶ፣ ለሁለት ተከፍሎ በመኪና መጥቶ የተገጠመ ደህና ቤት። ሦስት መኝታ፣ ደጁ ላይ ጎመን መትከያ። ሰፈሩ 55 ዓመት ለሞላቸው ነው። የፌዴራሉ ሕግ ሰው ካለባቸው ቤቶች ቢያንስ 80 በመቶው ውስጥ አንድ 55 የሞላው ሰው ይኑር ይላል። የእኛ አስተዳደር ግን ከዚያም በላይ ጥብቅ ነው፤ የልጅ ልጄ እንኳ ከ15 ቀን በላይ ማደር አይችልም። መታወቂያዬን፣ ገቢዬንና ክሬዲቴን (የብድር አከፋፈል ታሪኬን) አይተው ነው የተቀበሉኝ።

ቤቱ የ1989 ስለሆነ ቧንቧ ሥራ የሚያውቀውን የወንድሜን ልጅ ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ውጭ ግድግዳው ላይ ያለችውን ቀይ ምልክት ፈለገ። ከሰኔ 1976 ወዲህ የተሠራ ቤት የፌዴራሉን ደረጃ ማሟላቱ የሚታወቀው በእሷ ነው። ከዚያ ቤቱ ሥር ገባ፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወጣ። "አክስቴ፣ ቧንቧው ግራጫው ፕላስቲክ ነው።" ፖሊቡቲሊን ይሉታል፤ እስከ 1995 ገደማ ይገጠም የነበረ፣ ውሎ አድሮ የሚያንጠባጥብ። እሱን ይዤ 6,000 ዶላር አስቀነስኩ። ብድር አልወሰድኩም። መሬቱ የራስ ካልሆነ ብዙ ጊዜ እንደ መኪና ብድር ነው የሚታየው፤ ወለዱም ይከብዳል። ቁጠባዬና እቁቤ ይባረኩ።

የተሸወድኩት ሌላ ቦታ ነው። በቤቱ ዋጋ ስከራከር ቤቱ ለቆመበት መሬት የሚከፈለውን የቦታ ኪራይ ንቄ አለፍኩት። አገር ቤት የቦታ ኪራይ እንከፍል የለ? እንደዚያ መሰለኝ። ያ በዓመት አንዴ ነው፤ ይሄ በየወሩ 790 ዶላር! በሁለት ዓመት 905 ገባ። ልጄ "ሞባይል አይደል እንዴ፣ ነቅለሽ ውሰጂው" ይለኛል። ወዴት? ማስነቀያው ብቻ ብዙ ሺህ ዶላር ነው፤ ያረጀ ቤት የሚቀበል ሰፈር ማግኘትም ጭንቅ ነው። ባለመሬቱም ይህን አሳምሮ ያውቃል። በ2025 የዋሽንግተን ግዛት ጭማሪው በዓመት ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደነግግ ነው ትንሽ እፎይ ያልኩት። ዛሬ ብገዛ ከቧንቧው በፊት የማየው ያለፉትን አምስት ዓመታት የኪራይ ደብዳቤዎች ነው።

ኑሮው ግን ተስማምቶኛል። በመጀመሪያው ሳምንት የእንጀራ ምጣዱንና ማይክሮዌቩን አንድ ላይ ሰክቼ መብራት አጠፋሁ። ቅዳሜ ደግሞ ቡና ስቆላ የጭሱ ደወል ጮኸ። የ81 ዓመቱ ጎረቤቴ እሳት ማጥፊያ ተሸክሞ እያለከለከ ደረሰ። "ቡና ነው" አልኩት፤ አስቀምጬ እስከ በረካ አጠጣሁት። አሁን ቅዳሜ ደወሉ ሲጮህ የራሱን ስኒ ይዞ ይመጣል።