እትዬ ቀለበትዎን የት አደረጉት?
ደብረ ብርሃን ተመላላሽ ክፍል ስሰራ ነው፣ ከመንዝ የመጣች አርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴትዮ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ጎትታ አስራ ገባች። "ሲስተር በሽታ እንኳን የለብኝም፣ ይሄን ግንባሬን የሚያስተካክል ሐኪም ጋ ላኪኝ ብዬ ነው" አለችና ሻሹን ገለጥ አደረገችው። ከቅንድቧ በላይ ያለው አጥንት እንደ ጣራ ክፈፍ ወደፊት ወጥቷል። ቤሩት ያለችው እህቷ ቲክቶክ ላይ ግንባር ሲስተካከል አይታ ብሩን እኔ እልካለሁ ብላታለች።

እኔም ስለ ኦፕሬሽኑ የማውቀውን ነገርኳት፣ ከአጥንቱ ጀርባ ሳይነስ የሚባል አየር ያለበት ክፍተት ስላለ ዝም ብሎ እንደማይሞረድ፣ መጀመሪያ ሲቲ ስካን ታይቶ የፊተኛው አጥንት ቀጭን ከሆነ ተቆርጦ ይወጣና ቅርጹ ተስተካክሎ በትናንሽ የታይታኒየም ብሎኖች እንደሚመለስ፣ ጠባሳውም ፀጉር ውስጥ እንደሚደበቅ። ደስ አላት። ሪፈር መጻፍ ጀመርኩ። ግንባርሽ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው ብዬ እንኳን አልጠየቅኳትም፣ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ለማስፈረም የውስጥ ደዌ ሐኪማችን ጋ ይዣት ገባሁ። እሱ ግንባሯን ብዙም አላየም፣ እጇን ያዘና "እትዬ ቀለበትዎን የት አደረጉት?" አላት። "አይ ዶክተር፣ ጣቴ ላይ ጠቦኝ አምና ወርቅ ሠሪ ጋ አስቆረጥኩት።" ጫማስ? 38 ነበርኩ፣ አሁን የባሌን ነው የማደርገው። ራስ ምታቱ፣ ማንኮራፋቱ፣ የጥርሷ መራራቅ፣ በዛ ብርድ ላብ ማላቡ፣ ሁሉም አለ። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው የድሮ ፎቶማ ሌላ ሰው ነው የሚመስለው።

አክሮሜጋሊ ነው። አንጎል ስር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ላይ እባጭ ወጥቶ የእድገት ሆርሞን ከልክ በላይ ሲመነጭ አዋቂ ሰው ቁመቱ ባይጨምርም ግንባሩ፣ መንጋጋው፣ እጅ እግሩ ይተልቃል፣ ቀስ በቀስ ስለሆነ አብሮ የሚኖር ቤተሰብም ልብ አይለውም፣ ዝም ከተባለ ደግሞ ስኳርና ግፊት ያመጣል፣ ልብም ይጎዳል። አጥንቱን ብቻ አስተካክለን ብንልካት እባጩ እዛው ቁጭ ብሎ ስራውን ይቀጥል ነበር።

አዲስ አበባ ሄዳ የደም ምርመራውም ኤምአርአዩም አረጋገጠው፣ በአፍንጫ በኩል ገብተው አወጡላት። እኔ ከዛ ወዲህ ፊቴ ተቀየረ የሚል ሰው ከመጣ ጫማና ቀለበት ሳልጠይቅ፣ የድሮ ፎቶ ሳላይ አልለቅም።

ግንባሯ ግን እንደወጣ ነው፣ ያደገ አጥንት በራሱ አይመለስማ። ሆርሞኑ ረግቶ ከቆየ በኋላ ይሰራልሻል ተብላለች፣ እሷም አሁንም ትፈልጋለች፣ እኔም እንዲሰራላት እፈልጋለሁ፣ ሻሽ እስከ ቅንድብ ጎትቶ ገበያ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም።