ለማንም ያልሰጠኋቸው አድራሻዎች

የራሴን የኢሜይል ሰርቨር ስተክል በጣም ያስቸገረኝ ለማንም ባልሰጠኋቸው አድራሻዎች የሚዘንበው ስፓም ነው። ኢንፎ፣ አድሚን፣ ሴልስ፣ ዌብማስተር። ላኪዎቹ አድራሻውን ከየትም አላገኙትም፤ የዶሜይኑን ስም (ከ@ በኋላ ያለውን) ይዘው ከፊቱ የተለመዱትን ስሞች እየቀጠሉ ይሞክራሉ። እኔ ደግሞ ወደ ዶሜይኔ የመጣውን ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ የሚሰበስበውን ካችኦል ከፍቼ ነበር። በርን ወለል አድርጎ ከፍቶ እንደመተኛት ነው። መጀመሪያ እሱን ዘጋሁት።

ቀጥሎ ኢሜይሉን በሚቀበለውና በሚልከው ፕሮግራም፣ በፖስትፊክስ ላይ፣ የማልጠቀምባቸውን ስሞች ከአሊያስ ዝርዝሩ (ወደ ሳጥኔ ከሚመሩት ተጨማሪ ስሞች ዝርዝር) አወጣሁ። እዚህ ላይ አደራ፦ መልእክቱን ተቀብላችሁ ካስገባችሁ በኋላ "አድራሻው የለም" ብላችሁ አትመልሱ። በስፓም ላይ የላኪው አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ስለሆነ፣ መልሱ የሚደርሰው ምንም ለማያውቅ ሰው ነው። ላኪው ሰርቨር ገና ተገናኝቶ የተቀባዩን ስም ሲጠራ፣ እዚያው በ550፣ ማለትም አልቀበልም በሚለው የስህተት ኮድ፣ መልሱት።

ፖስትማስተር የሚባለውን አድራሻ ግን እንዳትነኩት። የኢሜይል አላላክን የሚደነግገው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 5321፣ እንዲኖር ያስገድዳል። የአቤቱታ መቀበያው አድራሻ አቢዩዝም እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው አርኤፍሲ 2142 ውስጥ አለ፤ ከእኔ ሰርቨር ችግር ቢወጣ ሰው የሚነግረኝ በእሱ ነው። ለሁለቱ ግሬይሊስቲንግ አደረግኩላቸው። የማያውቀውን ላኪ "ትንሽ ቆይተህ ሞክር" ይለዋል፤ ደህና ሰርቨር ተመልሶ ይሞክራል፣ ብዙው የስፓም ፕሮግራም ግን በዚያው ይቀራል።