ከእስፔን ወደ ምሥራቅ፣ ከጎንደር ወደ ሰሜን

ይሁዳ ሃሌዊ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በእስፔን ተወልዶ በሐኪምነት የኖረ፣ የዐረቦችን የግጥም ምጣኔ ለዕብራይስጥ ያዋለ ባለቅኔ ነው። እርሱ በምዕራብ ዳርቻ ሲኖር ልቡ በምሥራቅ፣ በኢየሩሳሌም መሆኑን፣ የሚበላው ምግብ እንኳ አልጣፍጠው ማለቱን የሚናገርባትን አጭር ግጥም ሰሞኑን ደጋግሜ ሳነብ፣ በጎንደር መንደሮች የእኛ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ልጆች ሽመላዎች በሰማይ ባለፉ ቁጥር «አገራችን ኢየሩሳሌም ደህና ናት ወይ?» እያሉ ያዜሙት የነበረው አብሮ ይመጣብኛል። ሽመላዎች ከአውሮፓ ተነሥተው በእስራኤል ሰማይ በኩል ወደ አፍሪካ ስለሚወርዱ፣ ከብት ጠባቂዎቹ ልጆች ጥያቄያቸውን ያቀረቡት ለትክክለኛው መልእክተኛ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለብዙ ዘመን አይሁድነታችንን በማስረጃ ብቻ ስናስረዳ ስለኖርን ነው። ወላጆቻችን በሱዳን በኩል እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፣ ሌሎቹም በ1991 ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሆነው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ እስራኤል ሲገቡ፣ የናፈቋት ምድር ላይ ማንነታቸው እንደገና ተጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ኦሪቱን፣ ሰንበቱን፣ የመንጻቱን ሥርዓት እየቆጠሩ መለሱ፤ መልሳቸውም እውነት ነበር። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ያ የልጆች ዜማ ይመስለኛል፤ መርማሪን ለማሳመን ብሎ ሽመላን ስለ ኢየሩሳሌም ደህንነት የሚጠይቅ ሕፃን የለምና።

ናፍቆቱ ከደረሰ በኋላ ግጥሙ ምን ይሆናል የሚለው ነው የሚከብደኝ። ከአስተስርዮ፣ ከኃጢአት ማስተሰረያው የጾም ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን የሚከበረው በዓላችን ስግድ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞታል፤ ቄሶቻችን ኦሪቱን ይዘው ተራራ ላይ የሚጸልዩት ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ከሆነ፣ ዛሬ በኢየሩሳሌም ላይ ቆሞ ያንኑ መጸለይ ለምን? የእስራኤል ምክር ቤት ክነሴት በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ ካደረገው ወዲህም ጥያቄው አልቀረም። እኔ በዓሉ መቀጠሉን ከልቤ እደግፋለሁ፤ ቤተ መቅደሱ አልተሠራም፣ መንገድ ላይ የቀሩትም አልደረሱም።

ሃሌዊም በስተርጅና ወደ ኢየሩሳሌም ሊሄድ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1140 እስክንድርያ ገባ፤ በተከታዩ ዓመትም ዐረፈ። በሱዳን መንገድና በስደተኞች ጣቢያዎች ከ4,000 የማያንሱ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይነገራል፤ የእናቴ ታላቅ እኅት ከእነርሱ አንዷ ናት። ስለ እርሷ የጀመርኩትን ግጥም በዕብራይስጥ ልጽፈው ብሞክር እንግዳ ሆነችብኝ፤ በአማርኛ ስጽፈው ግን እናቴ አጠገቤ ተቀምጠው ስንኙን እየሰሙ «እንዲህ አልነበረም የምትናገረው» እያሉ ያርሙኛል። ዕብራይስጡ ለልጆቼ ስለሚያስፈልግ ይቆየኛል፤ አሁን እናቴ ከሚያስታውሱት ሳይጎድል አማርኛውን መጨረስ አለብኝ።