በምክንያት ማሰብን መማር ኑሮ ይለውጣል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ቡና በጠጣን ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሳል። የኔ መልስ፦ ይለውጣል፣ ግን አእምሯችን ሲያስብና ሲወስን ስለሚሠራቸው ስህተቶች ማንበብ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ካህነማን እንኳ እነዚህን ስህተቶች ለአሥርት ዓመታት አጥንቶ፣ የራሱ አስተሳሰብ ብዙም እንዳልተሻሻለ በግልጽ ተናግሯል።

የሚሠራው ልትወስን ስትል የምትጠይቀው ጥያቄ ነው። የአጎቴ ልጅ ቡሬ ላይ አሮጌ ባጃጅ ነበረው። ዛሬ ሞተር፣ ነገ ጎማ፣ ያገኘው ሁሉ ጋራዥ ይገባል። ሽጠው ሲሉት "ይህን ሁሉ ብር አውጥቼበት?" ይላል። እኔም "ያንተ ባይሆንና ዛሬ ሰው ይዞት ቢመጣ፣ በዚህ ዋጋ ትገዛዋለህ?" አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ "አብጃለሁ እንዴ!" አለ። ብዙም ሳይቆይ ሸጠው።

ይህ ደግሞ የተማረ ሰው ነገር ብቻ አይደለም። የጎጃም ገበሬ አንዱን ማሳ በቆሎ፣ ሌላውን ጤፍ፣ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ የሚያደርገው አንዱ ቢከዳው ሌላው እንዲይዘው አስልቶ ነው፤ ማንም ኮርስ አልሰጠውም። ማዳበሪያ በሰዓቱ ካልደረሰው ግን የትኛውም የማሰቢያ ዘዴ በቆሎውን አያሳድግለትም። በምክንያት ማሰብን እናስተምራለን እያሉ ይህን የሚዘሉ አሰልጣኞች በጣም ያናድዱኛል። እንዲህ ያለ ሥልጠና ልትገባ ካሰብክ፣ ብር ከመክፈልህ በፊት ይህን ጠይቃቸው፦ ካሁን በፊት ያሠለጠናችኋቸው ሰዎች የትኛውን ውሳኔያቸውን ቀየሩ?