ማታ ማታ የሚጠፋው ካሜራ

ኮምቦልቻ ውስጥ ማሾና ማሽላ የሚያከማቹ አንድ የመጋዘን ባለቤት ደሴ ደውለው ሲያስጠሩኝ የነገሩኝ ስለ ዕቃ ብልሽት ሳይሆን ስለ ሰው ጥፋት ነበር። በመጋዘኑ ጓሮ ከአጥሩ ጥግ ባለው ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ካሜራ ቀኑን ሙሉ ጥርት ያለ ምስል ሲያሳይ ይውልና ሲመሽ ይጠፋል፤ ሲነጋ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይመለሳል። ከምሰሶው ሥር የውኃ ቧንቧ አለ፤ የግቢው ጥበቃ የሆኑት በዕድሜ የገፉ አባት ለመግሪብ ሶላት ውዱእ የሚያደርጉት እዚያው ነው። ካሜራው የሚጠፋበትና እሳቸው ወደ ቧንቧው የሚሄዱበት ሰዓት በመገጣጠሙ ባለቤቱ ገመዱን የሚነቅሉት እሳቸው ናቸው ብለው ደምድመው በጽሑፍ አስጠንቅቀዋቸዋል። ከእኔ የፈለጉት ገመዱን እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ እንዳደርግላቸው ብቻ ነበር። ጥበቃው ግን በር ላይ ሲቀበሉኝ፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር በየት በኩል እንደሚነቀል እንኳ አላውቅም» አሉኝ።

መሰላል ከማንሳቴ በፊት ዲቪአሩን፣ ማለትም የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳውን መሣሪያ፣ ከፈትኩ። ቪዲዮ መቅጃ ምስል ብቻ አያስቀምጥም፤ አንድ ካሜራ ሲቋረጥና ሲመለስ ሰዓቱን በሎጉ (በክስተት መዝገቡ) ላይ ያሰፍራል። ሰው ለመክሰስ የሚቸኩል ሁሉ አስቀድሞ ይህን ሎግ ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ። የመቅጃው ሰዓት ትክክል መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ የጓሮውን ካሜራ መዝገብ ሳወጣ የመጀመሪያው መቋረጥ 18:31፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12:31 ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ካሜራው ጠፍቶ አልቀረም፤ ይመለሳል፣ ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል፣ እንደገና ይመለሳል፤ እስኪነጋ ድረስ ገጹ በዚሁ ተሞልቷል። ሌሊቱን ሙሉ በየደቂቃው ገመድ ሲነቅልና ሲሰካ የሚያድር ሰው የለም።

ምክንያቱ ከኤሌክትሪኩ ነው። የጓሮው ካሜራ ኃይል የሚያገኘው ቢሮ ውስጥ ካለው የ12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ሲሆን፣ ካሜራውን የተከሉት ሰዎች እስከ ምሰሶው ያለውን 80 ሜትር ገደማ ርቀት በቀጭን፣ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ሽቦ አዳርሰውታል። መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 160 ሜትር መዳብ ስለሚሆን ሽቦው ብቻውን ወደ 5.5 ኦም ይቋቋማል። ካሜራው ቀን 0.2 አምፔር ያህል ሲስብ በመንገድ የሚባክነው 1.1 ቮልት ነው፤ ይህንን ይችለዋል። ሲጨልም ግን ካሜራው በጨለማ እንዲያይ የሚረዱት፣ በሌንሱ ዙሪያ ያሉት የኢንፍራሬድ መብራቶች ስለሚበሩ ፍላጎቱ ወደ 0.5 አምፔር ያድግና ብክነቱ ከ2.7 ቮልት ያልፋል፤ ካሜራው የሚደርሰው ከ9 ቮልት ብዙም የማይበልጥ ስለሚሆን ይጠፋል። ሲጠፋ ጭነቱ ስለሚነሳ ቮልቱ ወደ 12 ይመለሳል፤ ካሜራው ይነሳል፣ ጨለማውን ያያል፣ መብራቱን ያበራል፣ ደግሞ ይወድቃል።

ይህን ለባለቤቱ በቃል ብቻ ማስረዳት አልፈለግኩም። እሳቸውን ከስክሪኑ ፊት አስቀምጬ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ በጠራራ ፀሐይ የካሜራውን ፊት በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩት። በጨርቁ ሥር ደብዘዝ ያሉ ቀያይ ነጥቦች ብቅ አሉ፤ በካሜራው በኩል ባለው የሽቦው ጫፍ ላይ ያያያዝኩት የቮልት መለኪያ (መልቲሜትር) ንባብም ከ10.9 ቮልት ወደ ታች ወረደ። ወዲያው ባለቤቱ ከቢሮ «ጠፋ!» ብለው ተጣሩ። ጨርቁን ሳነሳው ምስሉ ተመለሰ። ጥበቃው መሰላሉን ይዘው ከሥር ስለነበሩ ሁሉንም አይተዋል።

ባለቤቱ የፓወር ሰፕላዩን ማስተካከያ አዙሬ ቮልቱን ከፍ እንዳደርግ ጠይቀውኝ ነበር። ብዙ ባለሙያ ይህን ያደርጋል፤ እኔ ግን አልወደውም፤ ከዚያው ሳጥን የሚመገቡት የቅርብ ካሜራዎች ከሚገባቸው በላይ እንዲቀበሉ ያደርጋልና። ይልቁንም ቀጭኑን ሽቦ አውጥተን ወፍራም፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ዘረጋን፤ የመንገዱ ብክነት በሌሊት ጭነትም ከ1 ቮልት በታች ሆነ። የምስሉን ኮአክሲያል ገመድ ግን አልነካነውም፤ ጤነኛ ነበር። በበሩ በኩል ያለው ካሜራም በዚያው ቀጭን ሽቦ የተሠራ ሆኖ ስላገኘሁት ጨርቁን አልብሼ ለካሁት፤ ርቀቱ አጭር በመሆኑ ቮልቱ እምብዛም አልወረደም።

ምሽት 12 ሰዓት ተኩል እስኪያልፍ ቆየን፤ የጓሮው ምስል ወደ ጥቁርና ነጭ ተቀይሮ ጸንቶ ቆመ። ባለቤቱ ጥበቃውን ቢሮ አስጠርተው፣ «ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ» ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ እሳቸውም «አብሽር» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ግን የቃል ይቅርታ ብቻ እንዳይበቃ አሳሰብኩ፤ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ነበርና። በማግስቱ ማስጠንቀቂያው የተነሳበት ደብዳቤ ተጽፎ፣ የሎጉ ገጽ ፎቶ ተያይዞበት በጥበቃው ማኅደር ውስጥ ገባ።