የጦሳ ጭጋግ እና የእኔ ስልክ ቁጥር

ታናሽ ወንድሜ ያንን ፊልም ባያይ ኖሮ እኔ በሌሊት ሽንት ቤት በር ላይ ቆሜ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ባልሆንኩ ነበር።

ፊልሙ የቆየ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፐምፕ አፕ ዘ ቮልዩም»። ክርስቲያን ስሌተር ማርክ የሚባል ዓይን አፋር ተማሪ ሆኖ ይሠራበታል። ቀን ቀን ሰው ቀና ብሎ አያይም። ማታ ግን ከድሮ ጓደኞቹ ጋር እንዲያወራበት ወላጆቹ በገዙለት ሬዲዮ፣ ድምፁን ቀይሮ ትምህርት ቤቱን ያብጠለጥላል። ርዕሰ መምህሯ ውጤታቸው ዝቅ ያለ ተማሪዎችን ሰበብ ፈልጋ ታባርራለች። አባትየው ደግሞ የትምህርት ሹም ነው፤ ልጁ ያ ጉደኛ መሆኑን አያውቅም። መጨረሻ ላይ መንግሥት ሊይዘው ሲመጣ መሣሪያውን ጂፕ ላይ ጭኖ እየሄደ ያሰራጫል።

ጂፗን ልብ በሉልኝ። እኛ ቤት ጂፕ የለም። የእኔ ሚኒባስ ግን አለች።

ወንድሜ ቂም ነበረው። በትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ፣ በእረፍት ሰዓት፣ «ውሃ የሌለው ሽንት ቤት ቁልፍ ምን ያደርግለታል?» ብሎ አነበበ። ዩኒት ሊደሩ ማይኩን ነጠቀው። ወላጅ አምጣ ተባለ። (ወላጅ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሽንት ቤቱንም አየሁት። ልጁ እውነቱን ነው።) ቤት ገብቶ «በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መሠረት ሐሳቤን የመግለጽ...» ሲል አባ አላስጨረሰውም። «የዚህ ቤት አንቀጽ አንድ፣ ትልቅ ሲናገር ትንሽ ያዳምጣል። ሂድ በጎቹን አስገባ!»

ይህን የሚለው አባ በ1966 ዓ.ም. ተማሪ ሆኖ ደሴ ላይ ሰልፍ የወጣ ሰው ነው። ድምፁ እስኪዘጋ «መሬት ላራሹ» እንዳለ ቡና በተፈላ ቁጥር ይተርክልናል።

ሚኒባሷ ውስጥ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ፣ የስልክ ድምፅ ወደ መኪናው ሬዲዮ የምታስተላልፍ ትንሽ ዕቃ አለችኝ። ደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስ፣ ሐረጎ ላይ ጣቢያው ሲቆራረጥብኝ መንዙማ የምከፍተው በእሷ ነው። ጉልበቷ ጥቂት ሜትር ነው። ከአጥራችን አታልፍም። ወንድሜ ግን ወሎን ሙሉ የምታዳርስ መስላዋለች።

አንድ ማታ፣ ከኢሻ በኋላ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። አባ ዜና ፍለጋ የአሮጌ ሬዲዮኑን መርፌ ያዞራል። አንቴናው ስለተሰበረ የልብስ ማስጫ ሽቦ ታስሮበታል። ሽቦው በመስኮት ወጥቶ በሚኒባሷ አናት ላይ ነው የሚያልፈው። ድንገት አንድ ጎርናና ድምፅ ጥርት ብሎ ገባ።

«የጦሳ ጭጋግ ነኝ! ወጣቶች ሆይ፣ አፋችሁን የያዘው ማነው?»

ቶናው ትን አለኝ። አፉ ላይ ፎጣ ቢያደርግም ወንድሜ አይጠፋኝም።

አባ ድምፁን ጨመረ። «ስማ! ጋዜጠኛ ማለት ይሄ ነው።»

ልጁ ስለ ሽንት ቤቱ አወራ። «እውነቱን ነው!» አለ አባ። ስለ ዩኒት ሊደሩ አወራ። «ድሮም እንደዚሁ ናቸው!» ቀጥሎ «ጥያቄ ስንጠይቅ በጎቹን አስገባ የሚሉን፣ ሪሞት ታቅፈው የሚተኙ አባቶች እስከ መቼ?» አለ። አባ ሪሞቱን ወደ ትራሱ ሥር ገፋ እያደረገ «እንዲህ ዓይነትም አባት አለ እኮ» አለኝ።

«አስተያየት ያላችሁ ደውሉ» ሲል አባ «ቶሎ ጻፍ» አለኝ። ዜሮ ዘጠኝ ብዬ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ እጄ ጋዜጠኛውን ቀድሞ መጻፍ ጀመረ። ቁጥሩ የእኔ ነዋ! የእሱ ስልክ ማይክ ሆኖ ስለተያዘ የእኔን ለሕዝብ በትኖታል።

«ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብዬ ወጣሁ። በሩ ጋ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ። ጋቢዬን አፌ ላይ ጠመጠምኩ።

«ሄሎ፣ መስመር ላይ ነዎት። እባክዎ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን።» ይህቺን ሁሉም ጋዜጠኛ ስለሚላት ነው እንጂ ያዳነችኝስ እሷ ናት።

«ከሸዋ በር ነው። አንተ ልጅ፣ ጀግና ነህ! እኔም በ66 እንዲሁ ነበርኩ...» ስድሳ ስድስትን ከዳር እስከ ዳር ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ምክር ልጠይቅህ። ትልቁ ልጄ ሚኒባስ ይነዳል። አግባ ብለው አይሰማም።»

«ምናልባት ኑሮ ተወዶበት ይሆናል፣ አባት።»

«በምን ይወደድበታል? የሚበላው እኔ ቤት!»

መልስ ሳላገኝ ከወዲያ በሬዲዮው፣ ከወዲህ በግቢው፣ የእማ ድምፅ ተሰማ። «ውጣ አንተ! ባትሪውን ጨርሰህ ነገ ሰው ሊገፋ ነው?» የመኪና በር ጓ አለ። ጸጥታ።

«ጋዜጠኛው! ምንድነው? ደረሱባችሁ እንዴ?»

«አዎ አባት፣ ደረሱብን» ብዬ ዘጋሁት።

ስመለስ አባ በሐዘን ራሱን ይነቀንቃል። «ያዙት። ሴት ናት የያዘችው። ድምፅዋ እናትህን አይመስልም?»

«ኧረ ወላሂ፣ በጭራሽ!»

ጠዋት ሚኒባሷ እማ እንዳለችው አልነሳ ብላ ተገፋች። አባም አብሮ ገፋ፣ ምን እንዳደከማት ሳይጠይቅ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ያንን ጣቢያ ይፈልጋል። በቀደም ወንድሜ ህሊናው አላስችል ብሎት ተጠጋው።

«አባ፣ ስለዚያ ጋዜጠኛ አንድ ነገር ልንገርህ።»

አባ ጆሮውን ከሬዲዮው ሳይነቅል እጁን አወናጨፈበት።

«ዝም በል! እሱን እየፈለግኩ ነው።»